«ይህማ ሊሆን አይችልም!»
«ዴርቶጋዳ» በአንድ ቤት ውስጥ ያስነሳው ክርክር

ቤትዎ ውስጥ በመጽሐፍ ምክንያት ክርክር ተነስቶ ያውቃል? በኳስ ወይም በቴሌቪዥን ሪሞት ሳይሆን በልብ ወለድ? አጋጥሞዎት የማያውቅ ከሆነ ይህን ጽሑፍ እስኪጨርሱ ይታገሡን። ምናልባት እንዲያጋጥምዎ ይመኙ ይሆናል።

በ2012 ዓ.ም. የገና ሰሞን ታላቅ ወንድሜን ልጠይቅ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ነበር። ጋሼ (እኛ እህቶቹ እንደዚያ ነው የምንጠራው) ዕድሜውን ሙሉ አማርኛ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የመጨረሻ ልጁ ያኔ የ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነበረች። እኔ ስደርስ ባለቤቱ ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ የተሰጣ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ልጅቱ ልታግዛት አጠገቧ ተቀምጣለች፤ ነገር ግን አንዱ እጇ በርበሬው ላይ፣ ሌላው ደግሞ ጭኗ ላይ የዘረጋችው መጽሐፍ ላይ ነው። መጽሐፉ ሽፋን የለውም። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጠርዙ ተጠቅልሏል። አንዱ ገጽ ላይ በርበሬ የነካ ጣት አርፎበታል።

«ደግሞ ያንን ይዛ ተቀመጠች!» አለኝ ጋሼ፣ ገና ሰላምታችንን ሳንጨርስ። «እስቲ አንቺ ንገሪያት። የጣናን ገዳምና የአሜሪካን ሮኬት ምን ያገናኛቸዋል? ይህማ ሊሆን አይችልም!»

መጽሐፉ «ዴርቶጋዳ» ነበር።

ስለ መጽሐፉ በአጭሩ

«ዴርቶጋዳ»ን ላላነበባችሁ ጥቂት እንበል። የይስማዕከ ወርቁ ልብ ወለድ ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ2001 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ታትሟል። «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ» የተባሉ ተከታዮችም ወጥተውለታል። ታሪኩ በአሜሪካ የሕዋ ምርምር ውስጥ የሚሠራ ሻጊዝ የተባለ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስን፣ ሚራዥ የተባለ ሐኪምን፣ የጣና ሐይቅን ገዳማትና የውጭ አገር የስለላ ድርጅቶችን አንድ ላይ ያመጣል። ምስጢር አለበት፣ ማሳደድ አለበት፣ ፍቅርና የአገር ቁጭት አለበት። መጨረሻውን አንነግርዎትም።

ያልተለመደ የሚያሰኘው ይህ ድብልቅ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ አንባቢ የለመደው ሌላ ነገር ነው፤ ባላባትና ጭሰኛ፣ የከተማ ኑሮ፣ የፍቅር ፈተና፣ የጦርነትና የስደት ታሪክ። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ በእኛ ቋንቋ ብዙ አልተጻፈም። ስለ ሕዋና ስለ ረቂቅ መሣሪያ ማንበብ የፈለገ ሰው ወይ የውጭ ቋንቋ መቻል፣ ወይ ትርጉም መፈለግ ነበረበት። «ዴርቶጋዳ» ያንን ዓለም በቀጥታ በአማርኛ፣ በምናውቀው ሐይቅ ላይ፣ የእኛን ስም በያዙ ሰዎች አመጣው። ለዚህም ነው አንባቢው እስከ ዛሬ ለሁለት የተከፈለው። አንዱ ወገን ከእጁ ማስቀመጥ አቅቶት በአንድ ሌሊት እንደጨረሰው ያወራል፤ ሌላው ግማሹ ላይ ዘግቶ እንዳስቀመጠው ይናገራል።

«አልተዋጠልኝም»

የዚያን ዕለት ቡናው ሲፈላ ጎረቤት ተሰበሰበ። ክርክሩም ከጋሼ አልፎ ሰፋ። ያየሁትን እነግርዎታለሁ፤ እርስዎም የራስዎን ወገን ያገኙበት ይሆናል።

የጋሼ ወቀሳ ሦስት ነው። አንደኛው የታሪኩ አካሄድ ነው። በእሱ አስተያየት ሰዎቹ ሲፈለጉ ይገኛሉ፣ መውጫ ሲጠፋ በር ይከፈታል፣ ገጠመኝ ገጠመኝን ይወልዳል። ሁለተኛው ከውጭ የተቀዳ መምሰሉ ነው። በጥንታዊ የሃይማኖት ቦታ ውስጥ የተደበቀ ምስጢርና እሱን የሚያሳድዱ ሰላዮች የዳን ብራውንን «ዘ ዳ ቪንቺ ኮድ» ያስታውሱታል፤ ይህን የሚሉ ሌሎች አንባቢዎችም ጥቂት አይደሉም። ሦስተኛው፣ ለእሱ ከሁሉም የሚከብደው፣ ሰዎቹ ናቸው። «ሁሉም ጀግና ነው፤ ሁሉም ሊቅ ነው» ይላል። «እኔ የማውቀው ሰው ይፈራል፣ ይሳሳታል፣ ከሚስቱ ጋር ይጣላል፣ ብድር አለበት። እንዲህ ያለውን ሰው የት አገኘዋለሁ?»

አንዲት አረጋዊት ጎረቤት የተቃወሙት ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው። መጽሐፉን አላነበቡትም፤ ሲወራ ግን ሰምተዋል። ለእሳቸው ገዳም የጸሎት ቦታ ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ስማቸው ሲጠራ በአክብሮት እንጂ ከሰላይና ከመሣሪያ ጋር መሆን የለበትም ባይ ናቸው። ይህን ስሜት በቀላሉ ልናልፈው አይገባም። የጣና ደሴቶች ለውጭ ጎብኚ የሚያምር ሥዕል ሊሆኑ ይችላሉ፤ በአካባቢው ለኖረ ሰው ግን ነገሥታት ያረፉባቸው፣ ብራናዎች የተጠበቁባቸው፣ ስለት የተሳለባቸው ሕያው ቦታዎች ናቸው። ደራሲ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሲጽፍ በሰው ቤት ውስጥ እንደሚጽፍ ያህል ነው።

«ዓይኔን ከፈተልኝ»

ልጅቱስ? እሷ የአባቷን ወቀሳ አንድ በአንድ አልመለሰችም። የተናገረችው ስለ ራሷ ነው። ፊዚክስ ስትማር ሕጎቹ ሁሉ በውጭ ሰው ስም እንደሚጠሩ፣ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ሮኬት የሚሠራው ሁልጊዜ ሌላ ሰው እንደሆነ፣ «ዴርቶጋዳ»ን ስታነብ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ የሚያስብ የሮኬት መሐንዲስ እንዳገኘች ነገረችን። «ታሪኩ እውነት ነው አላልኩም አባዬ» አለችው። «እኔን አስቦ የተጻፈ መሰለኝ ነው ያልኩት።»

ጤና ጣቢያ የሚሠራ አንድ ወጣት ጎረቤት ደግሞ ከጎኗ ቆመ። እሱ ስለ ሳይንሱ ብዙም አልተጨነቀም። ከትምህርት ቤት ከወጣ ወዲህ ከፈተና መጽሐፍ በቀር አንብቦ እንደማያውቅ፣ ጓደኛው አስገድዶ «ዴርቶጋዳ»ን ከሰጠው በኋላ ግን ሌላ መጽሐፍ መፈለግ እንደጀመረ ተናገረ። ቀጥሎ ያነበበው ምን እንደሆነ ጋሼ ጠየቀው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲለው ጋሼ የያዘውን ስኒ አስቀመጠ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ስለ መጽሐፍ ስንከራከር ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን እናደባልቃለን። አንዱ «መጽሐፉ በጥሩ ሁኔታ ተጽፏል ወይ?» የሚለው ነው። ሌላው «መጽሐፉ ለአንባቢው ምን አደረገለት?» የሚለው ነው። ጋሼ የመጀመሪያውን ሲመልስ ልጁ ሁለተኛውን ትመልሳለች። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ክርክሩ የማያልቀውም ለዚህ ነው።

ከማንኩሳ እስከ ዘጌ

ጋሼ ልብ ወለድን የሚለካበት ሚዛን የሚታወቅ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ መንገድ ላይ ማንኩሳን ያገኛሉ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው እዚያ ነው፤ በዛብህ የተወለደው ማንኩሳ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ ኋላ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ፣ ማንበብ የማይችለው ገበሬ ሳይቀር ሰምቶታል። እንግዲህ ለዚህ አካባቢ ሰው ልብ ወለድ ማለት ከቤቱ ደጃፍ የሚያልፍ መንገድ ነው። ገበሬው፣ ቄሱ፣ ባላባቱ ሁሉ የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው። በዚህ ሚዛን ከተመዘነ «ዴርቶጋዳ» መቅለሉ አይቀርም።

ይሁን እንጂ ያው አካባቢ ሌላ ሚዛንም አለው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውን «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለዱት ጣና ዳር፣ ዘጌ ነው። ዛሬ «ልብ ወለድ» የምንለውን ስም ያወረሱን እሳቸው ናቸው። ታዲያ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ጦቢያ የተባለችው ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ወንድ መስላ ትጓዛለች፤ ነገሩ ሁሉ በገጠመኝ ላይ ገጠመኝ እየተደረበ ይሄዳል። ጋሼ «ሊሆን አይችልም» የሚለውን ፍርድ በ«ዴርቶጋዳ» ላይ ሲሰጥ የአማርኛን ልብ ወለድ በኩር ልጅ አብሮ መቅጣቱ ነው። ይህን ስነግረው ሳቀ። «እሱማ የመጀመሪያ ስለሆነ ይቅር ይባላል» አለ።

ሌላም አለ። ከባሕር ዳር በማይርቀው አቸፈር የተወለዱት አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም» የሚለውን ልብ ወለድ አሳተሙ። ዋናው ባለታሪክ ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ የሚናገርና ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ የሚከራከር ፅንስ ነው። ከዚህ የበለጠ «ሊሆን የማይችል» ነገር የት ይገኛል? ነገር ግን መጽሐፉን ለማገድ የተነሱት ባለሥልጣናት «ይህማ ተረት ነው» ብለው አልናቁትም። ወደ 800 ያህል ቅጂ ከተሸጠ በኋላ ታገደ፤ የቀረውም ተቃጠለ። ፅንስ እንደማይናገር ሁሉም ያውቅ ነበር። ፅንሱ የተናገረው ነገር ግን እውነት ስለነበር አስፈራ።

እንግዲህ የእኛው አካባቢ ደራሲዎች ሁለት መንገድ አሳይተውናል። አንዱ ያለውን እንዳለ ማሳየት ነው፤ ሌላው የሌለውን ፈጥሮ ያለውን እንድናይ ማድረግ ነው። «ዴርቶጋዳ» የመጣው በሁለተኛው መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ምን ያህል እንደተሳካለት መከራከር ይቻላል፤ መንገዱ ግን የእኛ አይደለም ማለት አይቻልም።

የማይሆነው ሲሆን

ሳይንሳዊ ልብ ወለድን በስሕተቱ ብቻ መመዘን ቀላል ነው። ፈረንሳዊው ዡል ቬርን እ.ኤ.አ. በ1865 ሰዎችን በትልቅ መድፍ ወደ ጨረቃ የሚያስወነጭፍ ልብ ወለድ ጻፈ። በመድፍ የተተኮሰ ሰው ገና ከአፈሙዙ ሳይወጣ በግፊቱ ይሞታል፤ ይህን ዛሬ የፊዚክስ ተማሪ አስልቶ ያሳይዎታል። ነገር ግን ያንን መጽሐፍ በልጅነቱ ያነበበው ሩሲያዊው ጺዮልኮቭስኪ አድጎ የሮኬት ጉዞን ስሌት ከሠሩት ቀዳሚዎች አንዱ ሆነ፤ ቬርን እንዳነሳሳውም ራሱ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ1969 ሰው ጨረቃ ላይ ሲያርፍ የሄደው በመድፍ አልነበረም። ሐሳቡ ግን መቶ ዓመት ቀድሞ በልብ ወለድ ተጉዞ ነበር።

ሩቅ ሳንሄድ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ እናስብ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ ፏፏቴ ስሙን ያገኘው እንደ ጭስ ከሚነሳው የውሃ ብናኝ ነው። ለዘመናት የሚታይና የሚፈራ ነገር ነበር። በ1956 ዓ.ም. ግን ያ ውሃ ተርባይን ማሽከርከር ጀመረ፤ ከጭሱ ሥር መብራት ወጣ። ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን አንድ ደራሲ «ይህ ጭስ ቤታችሁን ያበራል» ብሎ ቢጽፍ ምን ይባል ነበር? «ይህማ ሊሆን አይችልም!»

በዚያው ዘመን፣ በ1955 ዓ.ም.፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተቋቋመ። በዚህ ተቋም ከተማሩት መካከል ከካፋ፣ ከቦንጋ የመጣ አንድ ወጣት ነበር፤ ቅጣው እጅጉ ይባላል። ከባሕር ዳር በኋላ ጃፓን ሄዶ ተማረ፤ ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በናሳ የሕዋ መሐንዲስ ሆነ። ያረፈው በጥር 1998 ዓ.ም. ነው፤ «ዴርቶጋዳ» ከመታተሙ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ። ሻጊዝን የሚያነብ ብዙ አንባቢ ኢንጂነር ቅጣውን የሚያስታውሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ጋሼ «የጣናን ገዳምና የአሜሪካን ሮኬት ምን ያገናኛቸዋል?» ሲል መልሱ እዚያው አጠገቡ ነበር። ከገዳማቱ ማዶ፣ በሐይቁ ዳር ካለው ከተማ ተምሮ የወጣ እውነተኛ ሰው አገናኝቷቸዋል።

ይህን ስናወራ ልጅቱ ሌላ ነገር አስታወሰችን። በዓሉ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት አምጥቃ ነበር። ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችው ይህች ሳተላይት 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ ምድርን የምትቃኝ ነበረች። «ታዲያ ይሄስ ልብ ወለድ ነው?» ብላ አባቷን ጠየቀችው። ጋሼም በቀላሉ የሚሸነፍ ሰው አይደለም። «ያመጠቀችው ቻይና ናት፤ የተነሳችውም ከቻይና ምድር ነው» ሲል መለሰላት። እውነቱን ነው። እሷም እውነቷን ነው፤ መረጃውን ይቀበል የነበረው ጣቢያ እንጦጦ ላይ ነበርና። እንዲህ ያለ ክርክር ከቤት ውስጥ ሲሰማ፣ ያስነሳው መጽሐፍ ምንም ጉድለት ይኑርበት፣ ሥራውን ሠርቷል ማለት አይቻልም?

በርበሬ የምትቀነጥሰዋ እናት

እስካሁን ያልተናገረች አንድ ሰው ነበረች፤ የጋሼ ባለቤት። መጽሐፉን አላነበበችም። ሁለቱ ሲከራከሩ በርበሬዋን ትቀነጥሳለች፣ አልፎ አልፎ ያስነጥሳታል፣ ቡናውን ትቀዳለች። ክርክሩ ጋብ ሲል ልጇን ቀና ብላ አየቻትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ለመሆኑ ሰውየው አገሩ ገባ?»

ሁላችንም ዝም አልን።

ምክንያቱን ልንገርዎት። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ያኔ ለትምህርት ወደ ውጭ ከወጣ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። ጎበዝ ተማሪ ነበር። ትምህርቱን ጨረሰ፣ ሥራ ያዘ፣ በየወሩ ይልካል፣ በየሳምንቱ ይደውላል። «ለፋሲካ እመጣለሁ» ይላል፤ ፋሲካው ያልፋል። «በሚቀጥለው ክረምት» ይላል፤ ክረምቱም ያልፋል። ማንም አይወቅሰውም። ቤቱ የታደሰው እሱ በላከው ገንዘብ ነው። የእህቱንም ላፕቶፕ የገዛላት እሱ ነው።

ልጅቱ መጽሐፉን ዘጋችው። «አልጨረስኩትም እማዬ፤ ስጨርስ እነግርሻለሁ» አለቻት።

ያኔ ገባኝ። ስለ ሰላዮቹ፣ ስለ ሮኬቱ፣ ስለ ገጠመኞቹ የተከራከርነው ሁሉ ከላይ ያለው ሽፋን ነው። «ዴርቶጋዳ» ከሥሩ የያዘው ጥያቄ የእናትየው ጥያቄ ነው። ያስተማርነው ልጅ የማን ነው? አገሩ ምን አዘጋጅታ ነው ና የምትለው? የሄደው ሰው ባይመለስ ጥፋቱ የእሱ ነው፣ ወይስ የሚመለስበት ቦታ ያላዘጋጀነው የእኛ? ይህን ጥያቄ በቀጥታ ብናነሳው በብዙ ቤት ውስጥ እንባ ወይም ኩርፊያ ያመጣል። በልብ ወለድ በኩል ሲመጣ ግን ቡና እየጠጣን ልንነጋገርበት እንችላለን። ጋሼ መጽሐፉን የጠላበት ምክንያትም ምናልባት አጻጻፉ ብቻ ላይሆን ይችላል። ልጁን በቀላሉ አገሩ የሚያስገባ ታሪክ ቢያነብ ይናደዳል፤ የማያስገባ ቢያነብም ያዝናል።

የአንባቢዎች አስተያየት የተከፈለውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። አንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉን ሲዘጋ «አገሬ ይህን ማድረግ ትችላለች» ብሎ ደረቱን ይነፋል። ሌላው «ይህ ሁሉ ማጽናኛ ነው፤ እውነተኛው ላቦራቶሪ ግን ባዶ ነው» ብሎ ይበሳጫል። የመጀመሪያው ተስፋ ሊያደርግ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ደግሞ መታለል ሰልችቶታል። ሁለቱም አገራቸውን ይወዳሉ።

እርስዎ ቤትስ?

ልጅዎ እርስዎ የማይወዱት፣ ወይም «ቅዠት» የሚመስልዎት መጽሐፍ ይዞ ቢያገኙት ምን ያደርጋሉ? ከፍኖተ ሰላሙ ቤት የተማርኳቸውን ጥቂት ነገሮች ላካፍልዎ።

አንደኛ፣ መጽሐፉን ከመንቀፍዎ በፊት ያንብቡት። ጋሼ በዚያ ቀን የወቀሰው ጥቂት ገጾች አገላብጦ ነበር። ልጆች ይህን ወዲያው ያውቁታል። «የስንተኛው ገጽ ላይ ነው?» ብለው ሲጠይቁ መልስ ከሌለዎት ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል። በተጨማሪም «ዴርቶጋዳ» የስለላና የአደጋ ታሪክ ያለበት ለአዋቂዎች የተጻፈ መጽሐፍ ስለሆነ፣ ለየትኛው ዕድሜ እንደሚስማማ መወሰን የሚችሉት ካነበቡት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ «ይህ ሊሆን ይችላል ወይ?» ብለው ብቻ አይጠይቁ። «እንዲሆን ምን ያስፈልገዋል?» ብለው ይጨምሩ። ለሳይንስ ተማሪ ይህ ጥያቄ ከአንድ የቤት ሥራ ይበልጣል። የትኛው ቴክኖሎጂ ዛሬ አለ? የትኛው የለም? የትኛውስ በተፈጥሮ ሕግ ፈጽሞ አይቻልም? ልጅዎ መልሱን ሲፈልግ ልብ ወለዱ ወደ ፊዚክስ መጽሐፉ ይመልሰዋል።

ሦስተኛ፣ መጽሐፍን በመጽሐፍ ይመልሱ። «ይህን ትተህ ያንን አንብብ» ከማለት ይልቅ «ይህን ስትጨርስ ያንን ሞክርና የትኛው እንደሚበልጥ ንገረኝ» ማለት ይሻላል። «ዴርቶጋዳ»ን ያነበበ ልጅ «አልወለድም»ን ቢያገኝ፣ ያልተለመደ ታሪክ በአማርኛ ትናንት እንዳልተጀመረ ያያል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ቢያገኝ ደግሞ ማንኩሳን ሲያልፍ ከመኪናው መስኮት አሻግሮ የሚያየው ነገር ይኖረዋል።

አራተኛ፣ የማያነብ የቤተሰብ አባል ካለ ከክርክሩ አያስወጡት። ከሁላችንም የተሻለውን ጥያቄ የጠየቀችው አንድም ገጽ ያላነበበች ሴት ናት። በየምሽቱ ጥቂት ገጽ ጮክ ብሎ ማንበብ ገንዘብ አይጠይቅም፤ መብራት ሲጠፋም በሻማ ይቻላል።

ስልኩ

ከፍኖተ ሰላም ከተመለስኩ በኋላ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ጋሼ ደወለልኝ። ልጅቱ መጽሐፉን ጨርሳ ለእናቷ ስታነብላት፣ እሱም «ከሌላው ክፍል ሆኖ ሳይፈልግ» እንደሰማ ነገረኝ። ሰምቶ አልቀረም፤ ኋላ ወስዶ ራሱ አንብቦታል። እንደ ጥንቱ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ነው። የማያምንባቸውን ቦታዎች ሁሉ አስምሮባቸዋል፤ ኅዳጉ ላይ ቦታ አልቀረም። ልጅቱም በየመስመሩ አጠገብ በሰማያዊ መልስ ጽፋለታለች።

«አሁንም አልተዋጠልኝም» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ደወልክ?» አልኩት።

«ተከታዩ እዚያ አዲስ አበባ ይገኝ እንደሆነ ብዬ ነው። ለእሷ ነው» አለ። ጥቂት ዝም ብሎም ጨመረ፤ «እናቷም ትጠብቃለች።»

ልጅቱ ዛሬ ባሕር ዳር ምሕንድስና ትማራለች። ትሄድ ይሆን፣ ትቆይ ይሆን፣ ሄዳስ ትመለስ ይሆን ማንም አያውቅም። እሷም ገና አልወሰነችም። ያ ሽፋን የሌለው፣ በቀይና በሰማያዊ የተሞላ፣ አንድ ገጹ ላይ በርበሬ ያረፈበት መጽሐፍ ግን ፍኖተ ሰላም፣ የጋሼ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» አጠገብ። እርስዎም በሚቀጥለው እሑድ ቡና ሲፈላ አንድ የሚያከራክር መጽሐፍ መካከላችሁ ያስቀምጡ። ከዚያ በርበሬ የምትቀነጥሰው ሴት ምን እንደምትጠይቅ ያዳምጡ።